ከ50 ጨዋታ 31 ተሸንፎ እንዴት ሻምፒዮን ይኮናል? የ2019ኙን ናሽናልስ ያያችሁ እስቲ አስረዱኝ

ቢኒ_አሌክሳንድሪያ

ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። እዚህ ቨርጂኒያ ከመጣሁ ብዙም አልቆየሁም፣ ኳስ ሲባል እኔ የማውቀው እግር ኳስ ነው፣ ደግሞ የአርሴናል ደጋፊ ነኝ። ሥራ ቦታ አብረውኝ ያሉት አሜሪካኖች ግን ሰመር ከገባ ጀምሮ ወሬያቸው ሁሉ ቤዝቦል ሆኗል፣ የአሁኑ ቡድናቸው እየተሸነፈ ሲያናድዳቸው ወዲያው ወደ 2019 ይመለሱና "19 ለ31 ነበርን እኮ" ይላሉ፣ ያንን ቁጥር ሁሉም በቃሉ ያውቀዋል። ጠይቄ የገባኝ ናሽናልስ (የዋሽንግተን ዲሲ የቤዝቦል ቡድን) በዛ ዓመት ከመጀመሪያዎቹ 50 ጨዋታዎች 19 አሸንፎ 31 ተሸንፎ፣ መጨረሻ ላይ ግን ወርልድ ሲሪስ (የቤዝቦሉን ትልቁን ዋንጫ) በላ። ይሄ ነገር አልገባኝም። እኛ ጋ እንዲህ የሚሸነፍ ቡድን ይወርዳል እንጂ ዋንጫ አይበላም። ዕድል ነው? ወይስ መሃል ላይ ተጫዋች ገዝተው ነው? ደግሞ እንዲህ ጎበዝ ከነበሩ ከዛ በኋላ ምን ነካቸው? አብሬያቸው ማውራት ስለምፈልግ ነው፣ ጊዜ ያላችሁ ዘርዘር አድርጋችሁ ንገሩኝ።

የድሮ_ታክሲ_ዲሲ

ቢኒ ልጄ ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ ቡድኑ በ2005 ከሞንትሪያል ሲመጣ ጀምሮ በመኪናዬ ሬዲዮ ስከታተለው የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ያን ዓመት ደግሞ አንድም ማታ ያለ ጨዋታ አልነዳሁም፣ ስለዚህ ልንገርህ።

መጀመሪያ የፕሪሚየር ሊጉን ሂሳብ ተወው። እዛ 38 ጨዋታ ነው፣ 31 ከተሸነፍክ አለቀልህ። ቤዝቦል በአንድ ሲዝን 162 ጨዋታ ነው፣ ከማርች መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ በየቀኑ ማለት ይቻላል ይጫወታሉ፣ አቻ የሚባል የለም፣ የዓመቱ ምርጥ የሚባለውም ቡድን ሃምሳ ስልሳ ጊዜ ይሸነፋል ማንም አይደነግጥም። 50 ጨዋታ ማለት ገና የሲዝኑ ሲሶ አልሞላም ማለት ነው። እንደዛም ሆኖ ግን 19 ለ31 መጥፎ ነው፣ ማንም እንዳያታልልህ፣ እኛ ራሳችን ተስፋ ቆርጠን ነበር።

ለምን እንደዛ ሆኑ ካልክ፣ አንደኛ ጉዳት። ከዋናዎቹ መቺዎች ትሬይ ተርነር ገና በኤፕሪል መጀመሪያ ጣቱ ተሰበረ፣ ከዛ ሬንዶን፣ ሶቶና ዚመርማንም ተጎድተው ወጡ። ዋናው ግን ቡልፔኑ ነው። ይሄን በደንብ ከያዝክልኝ ሌላው በሙሉ ይገባሃል። ጨዋታው 9 ኢኒንግ (ዙር) ነው፣ የሚጀምረው ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) ስታርተር ይባላል፣ ስድስት ወይ ሰባት ኢኒንግ ወርውሮ ክንዱ ሲደክም ይወጣና ሌሎች እየተቀያየሩ ይጨርሱታል፣ እነሱ ናቸው ቡልፔን የሚባሉት። የናሽናልስ ስታርተሮች ማክስ ሸርዘር፣ ስቲቨን ስትራስበርግ፣ ፓትሪክ ኮርቢን፣ አኒባል ሳንቼዝ ነበሩ፣ እንደዚህ ዓይነት አራት ሰው በአንድ ቡድን ማግኘት ቀላል አይደለም። ቡልፔኑ ደግሞ በዛ ዓመት ከናሽናል ሊግ (ከሁለቱ ትልልቅ ሊጎች የኛው ያለበት) ቡድኖች ሁሉ መጨረሻ ነበር። ሸርዘር እየመራ ይወጣል፣ ስምንተኛው ኢኒንግ ላይ ይፈርሳል። ከፊልሞር ጎዳና እስከ ጆርጂያ አቬኑ ደርሼ ሬዲዮኑን የዘጋሁበት ማታ ብዙ ነው። ስለዚህ ያ 31 ሽንፈት የቡድኑን አቅም አያሳይም ነበር፣ አንድ የተበላሸ ክፍል ነው ሌላውን ጥሩ ነገር ሁሉ ይዞት የወረደው።

ኒውዮርክ ላይ ሜትስ አራቱንም ጨዋታ በተከታታይ አሸነፏቸው፣ በመጨረሻው ቀን ሜይ 23 አሰልጣኙ ዴቭ ማርቲኔዝ ከዳኛ ጋር ተጣልቶ ተባረረ። ማታ ሬዲዮ ላይ የሚደውለው ሁሉ ይባረር ነው የሚለው። ማይክ ሪዞ ግን (ያኔ የቡድኑ ጄኔራል ማኔጀር ነበር) አላባረረውም። የዛን ጊዜ ያቺ ውሳኔ ባትኖር ዛሬ የምናወራው ነገር አይኖርም ብዬ ነው የማምነው።

ከዛ በኋላ 74 አሸንፈው 38 ብቻ ተሸነፉ። ሲጠቃለል 93 ለ69። የተጎዱት ተመለሱ፣ ቡድኑ ተሰበሰበ። ሸርዘር በጁን የባት (የመምቻ ዱላ) ልምምድ ላይ ኳስ ፊቱን መትቶት አፍንጫው ተሰበረ፣ በማግስቱ ማታ ዓይኑ ሥር ጥቁር ሆኖ ወጥቶ ፊላዴልፊያን 7 ኢኒንግ ያለ አንድ ራን (ነጥብ) ወረወረ፣ 10 መቺ መምታት እያቃተው አሰናበተ። እንዲህ ያለ ሰው እያዩ ሌሎቹ እንዴት ይተኛሉ። ሴፕቴምበር 3 ደግሞ ከነዛው ሜትስ ጋር ዘጠነኛው ኢኒንግ ላይ 10 ለ4 እየተመሩ 7 ራን አስቆጥረው 11 ለ10 አሸነፉ፣ የመጨረሻውን ሆምራን (ኳሷን ከሜዳው ውጭ የሚያወጣ ምት) የመታው ኩርት ሱዙኪ ነው። ያን ቀን ተሳፋሪዬ ፈረንጅ ከኋላ ወንበር ጮኸ እኔም ከፊት ጮህኩ።

ተጫዋች ገዙ ወይ ላልከው አዎ ትንሽ፣ ጁላይ መጨረሻ ላይ ዳንኤል ሃድሰንን ከቶሮንቶ አመጡ፣ እሱ ቡልፔኑን ትንሽ ደገፈው። ትልቅ ስም ግን አላመጡም፣ እንደውም ትልቁ ስም ከሲዝኑ በፊት ነው የሄደባቸው፣ ብራይስ ሃርፐር ለ13 ዓመት 330 ሚሊዮን ዶላር ፊላዴልፊያ ገባ። የፕሌይኦፉን (ከሲዝኑ በኋላ ለዋንጫ የሚደረገውን ጥሎ ማለፍ) ሌላው ሰው ይንገርህ፣ እጄ ደከመ።

ሳሮን_ሲልቨር_ስፕሪንግ

የድሮ ታክሲ እግዜር ይስጥልን ጋሼ፣ ሁሉንም አስታወስከኝ። ፕሌይኦፉን እኔ ልቀጥል፣ ኦክቶበር 1 ማታ ስታዲየም ነበርኩና።

ቢኒዬ ያኔ ዋይልድ ካርድ የሚባለው የፕሌይኦፉ መግቢያ አንድ ጨዋታ ብቻ ነበር (አሁን ከሦስት ሁለት ያሸነፈ ሆኗል)፣ ስድስት ወር ለፍተህ በአንድ ማታ ከተሸነፍክ ወደ ቤትህ። ከሚልዋኪ ብሩወርስ ጋር ነው። ሸርዘር ጀመረ፣ ሁለት ሆምራን ተመታበት፣ ስምንተኛው ኢኒንግ ላይ 3 ለ1 እየተመራን ነው። ሚልዋኪዎች ጆሽ ሄደርን አስገቡ፣ በጊዜው ማንም ሊመታው የማይችል የሚባል ግራኝ። ሰው ዝም ብሏል። አንዱን መቺያችንን በወረወረው ኳስ መታውና ቤዝ (በሜዳው ላይ ያለ መቆሚያ) ተሰጠው፣ ዚመርማን ባቱ ተሰብሮም ቢሆን መታና ቤዝ ያዘ፣ ሬንዶን ዎክ አገኘ (አራት መጥፎ ኳስ ስለተወረወረለት በነጻ ቤዝ ያዘ)፣ ቤዙ ሞላ፣ ሁለት አውት ነው፣ ሦስተኛ ሰው ከወጣ ኢኒንጉ አለቀ። የመጣው ሁዋን ሶቶ ነው፣ የዶሚኒካኑ ልጅ፣ ያኔ ገና 20 ዓመቱ። መታት፣ ቀጥ ብላ ወደ ራይት ፊልድ (ወደ ሜዳው ቀኝ ክፍል) ሄደች፣ እዛ ያለው ልጅ ትሬንት ግሪሻም ሊይዛት ሲሮጥ አመለጠችውና ከኋላው አለፈች፣ ሦስቱም ገቡ። 4 ለ3። እኔ የማላውቃቸውን ሰዎች አቅፌ አለቀስኩ፣ ፊት ለፊቴ የነበሩት ሽማግሌ ባልና ሚስትም ያለቅሱ ነበር፣ ምክንያቱም ይሄ ቡድን በ2012፣ በ2014፣ በ2016 እና በ2017 ፕሌይኦፍ ገብቶ አንዴም የመጀመሪያውን ዙር አላለፈም ነበር። በ2012 እኮ ወሳኙ ጨዋታ ላይ 6 ለ0 እየመሩ 9 ለ7 ነው የተሸነፉት። እዚህ ከተማ ያለ ሰው ኦክቶበር ሲመጣ ሆዱ ይፈራ ነበር።

ከዛ የሎስ አንጀለሱ ዶጀርስ መጡ። 106 ያሸነፈ ቡድን። ከአምስት ሦስት ያሸነፈ ነው የሚያልፈው። ሁለት ለአንድ መሩን፣ አቻ አደረግን፣ አምስተኛው ሎስ አንጀለስ ላይ ሆነ፣ እዛም ስምንተኛው ኢኒንግ ድረስ 3 ለ1 እየተመራን ነበር። የነሱ ፒቸር ክሌይተን ከርሾ ገባ፣ ሬንዶን ሆምራን፣ ወዲያው ሶቶ ሆምራን፣ 3 ለ3። አሥረኛው ላይ ሃዊ ኬንድሪክ ግራንድ ስላም (ቤዙ ሞልቶ የተመታ፣ አራት ራን የሚያስገኝ ሆምራን)! 7 ለ3። ኬንድሪክ 36 ዓመቱ ነበር፣ በዛ ሲሪስ ሜዳ ላይ ሲሳሳት ሰው ሁሉ ሲወቅሰው ሰንብቶ ነው። በሚቀጥለው ዙር ሴንት ሉዊስን በአራት ለዜሮ ጠረግናቸው፣ ስለ እሱ ብዙ የሚወራ የለም፣ ተበልጠው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ቡድኑ በዛ ዓመት ከሁሉም ቡድኖች በዕድሜ አንጋፋው ነበር፣ ራሳቸውን በስፓኒሽ ሽማግሌዎቹ እያሉ ይጠሩ ነበር። ጄራርዶ ፓራ የሚባል ቬንዙዌላዊ በሜይ ከሳን ፍራንሲስኮ መጣ፣ ኳስ መምታት ሲያቅተው ትንሿ ልጁ የምትወደውን የሕፃናት የሻርክ ዘፈን መግቢያው አደረገው፣ ከዛ ስታዲየሙ በሙሉ እጁን እንደ ሻርክ አፍ እየከፈተና እየዘጋ ማጨብጨብ ጀመረ፣ አርባ ሺህ ሰው። ልጄ ያኔ መዋዕለ ሕፃናት ነበር፣ ቤዝቦል የወደደው በእሱ ነው፣ ዛሬ ሊትል ሊግ (የልጆች ቤዝቦል) ይጫወታል።

ሐበሻ_ከሂውስተን

ሰላም ለሁላችሁ። ዲሲዎች ደስታችሁን አልነካም ግን ልጁ እውነቱን ጠይቋል፣ ዕድል ነው ወይ ብሏል፣ እኔ በግልጽ አዎ በብዛት ዕድል ነው ነው የምለው። በወርልድ ሲሪሱ የገጠማችሁ የኛ የሂውስተኑ አስትሮስ በዛ ዓመት 107 ጨዋታ አሸንፎ ነበር። ሰባቱን የወርልድ ሲሪስ ጨዋታ እንይ፣ በሙሉ ያሸነፈው እንግዳው ቡድን ነው፣ ሰባቱንም! በታሪክ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። እኛ ዋሽንግተን ሄደን ሦስቱንም ወሰድን፣ 4 ለ1፣ 8 ለ1፣ 7 ለ1፣ እዛ ሜዳ ላይ አንድም አላስነካናችሁም። ሰባተኛው ላይ ዛክ ግሪንኪ እስከ ስድስተኛው ኢኒንግ ማንም ሊመታው አልቻለም ነበር፣ 2 ለ0 እንመራለን። ሰባተኛው ላይ ሬንዶን አንድ ሆምራን መታ፣ ለሶቶ ዎክ ሰጠ፣ 80 ኳስ ብቻ እንደወረወረ አሰልጣኙ አወጣው! ጌሪት ኮል የሚባል የዓመቱ አስፈሪ ፒቸር ቡልፔን ውስጥ ሰውነቱን አሟሙቆ ቁጭ ብሏል፣ አላስገባውም። ዊል ሃሪስ ገባ፣ ኬንድሪክ መታት፣ ራይት ፊልድ ያለውን የፋውል ምሰሶ (የሜዳውን ወሰን የሚያሳየውን) መታችና ሆምራን ሆነች። ምሰሶ! ሁለት ጫማ ወደ ቀኝ ብትሄድ ፋውል ናት፣ ምንም አይቆጠርም። እኔ ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ ዛሬም ሳስበው ያመኛል። ግሪሻም ኳሷ ባታመልጠው ደግሞ ናሽናልስ ምናልባት ያኔውኑ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። ስለዚህ ወንድሜ ቢኒ፣ የአሸናፊ ሰው ታሪክ ሲነገርህ ሁሉም የታቀደ ይመስላል፣ ግን አይደለም።

የድሮ_ታክሲ_ዲሲ

ሐበሻ ከሂውስተን ወንድሜ፣ ስለ ግሪንኪው እስማማለሁ፣ እኔም በቦታህ ብሆን እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። ምሰሶዋም እውነት ናት። ግን ዕድል ብቻ ነው የሚለውን አልቀበልም፣ ምክንያቴን ልንገርህ፣ ቢኒም ይስማ።

በመደበኛው ሲዝን በየቀኑ ስለሚጫወቱ አንድ ስታርተር በአምስት ቀን አንዴ ነው የሚወረውረው፣ የቀረውን ቡልፔኑ መሸፈን አለበት፣ የኛ ቡልፔን ደግሞ ከላይ እንዳልኩት ነው። ፕሌይኦፍ ላይ ግን የእረፍት ቀን ይበዛል። ማርቲኔዝ ምን አደረገ፣ ደካማዎቹን ከነጭራሹ ዘጋባቸውና ስታርተሮቹን እንደ ቡልፔን ተጠቀመባቸው። ሳሮን የነገረችህ የሚልዋኪ ጨዋታ ላይ ከሸርዘር በኋላ የገባው ማን ነው? ስትራስበርግ። ሕይወቱን በሙሉ ስታርተር የነበረ ሰው መጥቶ 3 ኢኒንግ ዘጋላቸው፣ ለዛ ነው ሶቶ እስኪመታ ድረስ ጨዋታው በሕይወት የቆየው። ሰባተኛው የሂውስተን ጨዋታ ላይ ከሸርዘር በኋላ ኮርቢን 3 ኢኒንግ ያለ ራን፣ ከዛ ሃድሰን ጨረሰው። ማለትም ስድስት ወር ሙሉ የጎዳቸውን ቀዳዳ በኦክቶበር ደፈኑት። ይሄ ታቅዶ የተሠራ ነው፣ አንተ እንዳልከው ኮልን አስቀምጦ ከመሸነፍ ጋር አስተያየው፣ የናንተ አሰልጣኝ ትልቁን ስታርተር አላስገባም፣ የኛው አስገባ። ልዩነቱ እዛ ጋ ነው።

ደግሞ ሸርዘር። አምስተኛውን ጨዋታ መጫወት አልቻለም፣ አንገቱ ተይዞ ከአልጋ ለመነሳት እንኳ ተንከባሎ መውደቅ ነበረበት፣ ራሱ ነው የተናገረው። መርፌ ተወግቶ ከሦስት ቀን በኋላ ሰባተኛውን ጀመረ። ጥሩ አልነበረም፣ በየኢኒንጉ ሰው ቤዝ ላይ ነበር፣ ግን በ5 ኢኒንግ 2 ራን ብቻ ነው የሰጠው። እናንተ የዛን ጊዜ አምስት ስድስት ልታስቆጥሩ ትችሉ ነበር፣ አላስቆጠራችሁም። ስድስተኛውን ስትራስበርግ እስከ ዘጠነኛው ኢኒንግ ወርውሮ 7 ለ2፣ ኤምቪፒም (የወርልድ ሲሪሱ ኮከብ ተጫዋች) እሱ ሆነ። ሰባተኛው 6 ለ2፣ ኦክቶበር 30።

ለኛ ለከተማው ምን ማለት እንደነበር ደግሞ፣ ዋሽንግተን ከዛ በፊት ወርልድ ሲሪስ የበላችው በ1924 ነው። ከ1971 በኋላ እስከ 2005 ድረስ ጭራሽ ቡድንም አልነበራት፣ የነበረው ቴክሳስ ሄዶባት ነው። አየር ማረፊያ ስሄድ የምጭናቸው ሽማግሌ ጥቁር አሜሪካኖች ሴናተርስ የሚባለውን ቡድን በልጅነታቸው አይተው ያወሩኝ ነበር። ዚመርማን በ2005 ይሄ ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ የመረጠው ልጅ ነው፣ 100 የተሸነፉበትን ዓመታት በሙሉ አልፏል፣ የወርልድ ሲሪሱን የመጀመሪያ ሆምራናችንን የመታው እሱ ነው፣ ያውም ከኮል ላይ። ይሄን ዕድል አልለውም።

ሄኖክ_ኤች

ሦስተኛውን ጥያቄ ማንም አልነካውም፣ ከዛ በኋላ ምን ነካቸው የሚለውን። ባጭሩ ገንዘብና ዕድሜ ነው።

ዋንጫው በተበላ በሁለተኛው ወር ዲሴምበር ላይ ስትራስበርግን በ7 ዓመት 245 ሚሊዮን ዶላር አስፈረሙት፣ ሬንዶን ደግሞ ልክ በተመሳሳይ 7 ዓመትና 245 ሚሊዮን ኤንጀልስ ሄደ። ሬንዶን በ2019 126 ራን ያስገባ ሰው ነው፣ እሱን የሚተካ አልነበረም። ስትራስበርግ ከፈረመ በኋላ ትከሻውና ነርቩ ተበላሽቶ በጠቅላላው 8 ጨዋታ ብቻ ነው የወረወረው፣ በ2024 ጡረታ ወጣ። ሰው በገንዘቡ ይናደድበታል፣ እኔ ግን አልናደድበትም፣ ያን ኦክቶበር ክንዱን ሰጥቶ ነው ያስገኘልን። በ2020 ኮቪድ መጣ፣ 60 ጨዋታ ብቻ፣ ባዶ ስታዲየም፣ የሻምፒዮንነቱን ባንዲራ እንኳ ደጋፊ በሌለበት ነው የሰቀሉት። በ2021 ሸርዘርንና ተርነርን አንድ ላይ ለዶጀርስ ሰጡ። በ2022 ለሶቶ 15 ዓመት 440 ሚሊዮን ዶላር አቀረቡለት፣ እምቢ አለ፣ ኦገስት ላይ ሳንዲዬጎ ላኩት፣ በዛ ዓመት 107 ተሸነፉ። በኋላ ሶቶ ከሜትስ ጋር በ765 ሚሊዮን ፈረመ፣ እምቢ ያለው ትክክል ነበር እንግዲህ። ማርቲኔዝና ሪዞ ደግሞ በጁላይ 2025 አብረው ተባረሩ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሶቶ ነው። ሌላው ሁሉ ያረጀ ቡድን ነበር፣ መፍረሱ አይቀርም። ሶቶ ግን ሦስተኛው የወርልድ ሲሪስ ጨዋታ ቀን ነው 21 ዓመት የሞላው! በዛ ዕድሜ እንዲህ ያለ ልጅ እጅህ ገብቶ መልቀቅ ለእኔ ይቅር የማይባል ነው፣ ባለቤቶቹ ቤተሰብ ሀብታም ናቸው፣ መክፈል ይችሉ ነበር።

ሳሮን_ሲልቨር_ስፕሪንግ

ሄኖክ በሶቶ ነገር አብሬህ ነኝ፣ ግን በእሱ ምትክ የመጡትንም አትርሳ፣ ሲጄ ኤብራምስና ጄምስ ዉድ በእሱ ልውውጥ ነው የመጡት፣ ዉድ ደግሞ የሜሪላንድ ልጅ ነው፣ ልጄ የእሱን ማሊያ ነው የሚለብሰው። እኔ ተስፋ አለኝ።

ቢኒ_አሌክሳንድሪያ

ኧረ እግዚአብሔር ያክብርልኝ ሁላችሁንም፣ እንዲህ ይብራራልኛል ብዬ አልጠበቅኩም። ጋሼ የቡልፔኑ ነገር አሁን ነው የገባኝ፣ በተለይ የማይሆኑትን ዘግቶ በጎበዞቹ መጨረሱ። ሐበሻ ከሂውስተን ያንተም ገብቶኛል፣ ለአርሴናል ደጋፊ ያቺ ምሰሶ ምን ማለት እንደሆነች መንገር አያስፈልግም። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስታዲየም ልሂድ ብል እንዴት ነው የሚኬደው፣ ውድ ነው? ሦስት ሰዓት ቁጭ ብዬ የሚገባኝ ይመስላችኋል?

ሳሮን_ሲልቨር_ስፕሪንግ

ይገባሃል። ከአሌክሳንድሪያ ቢጫውን መስመር ይዘህ ላንፎንት ፕላዛ ውረድ፣ እዛ አረንጓዴውን ወደ ብራንች አቬኑ የሚሄደውን ያዝ፣ ኔቪ ያርድ ላይ ስትወርድ ሰዉን ተከተል በቃ። ከዩ ስትሪት ከመጣህ ግን ያው አረንጓዴው ራሱ ቀጥታ ያደርስሃል፣ ከጨዋታ በኋላም በዛው ተመልሰህ እራትህን ዘጠነኛው ጎዳና ላይ ትበላለህ። ቅዳሜ አትሂድ፣ ማክሰኞ ወይ ረቡዕ ማታ ቲኬቱ ይረክሳል፣ ቡድኑ ደካማ ሲሆን ደግሞ ከላይ ያሉት ወንበሮች በጣም ርካሽ ናቸው። ሦስት ሰዓትም አይሞላም አሁን፣ ከ2023 ጀምሮ ፒቸሩ ቶሎ እንዲወረውር የሚቆጥርበት ሰዓት አስገብተው ጨዋታው ፈጥኗል። ውሃ በላስቲክ ያልተከፈተ ማስገባት ይቻላል፣ ሰመር ላይ ያስፈልግሃል።

የድሮ_ታክሲ_ዲሲ

ቢኒ ከሄድክ ከሆም ፕሌቱ (መቺው ከሚቆምበት ቦታ) ጀርባ ወደ ላይ ካለው ፎቅ ቁጭ በል፣ ፒቸሩ ምን እንደሚወረውር የሚታየው ከዛ ነው። ስድስተኛው ኢኒንግ አካባቢ ደግሞ ዓይንህን ወደ ቡልፔኑ አድርግ፣ ማን ተነስቶ መወርወር እንደጀመረ እይ። የምትሄድበትን ቀን እዚህ ጻፍልኝ፣ ሥራ ከሌለኝ እመጣለሁ፣ አብረን እናያለን።